ሥጋ መተው ምድርን ይጠቅማል ወይ? ከሐዋሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሐዋሳ ላይ በወር አንድ ጊዜ እየተገናኘን ስለ ምግብና ስለ ግብርና የምንወያይ ሰዎች በመጨረሻው ስብሰባችን ሥጋ አለመብላት ለአካባቢም ለኅሊናም ይበጃል ወይ የሚለውን ጉዳይ አንሥተን ሰዓቱ ሳይበቃን ተለያየን። የተረፉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንድመልስ አደራ ተሰጥቶኛል። በከብት መኖና በአፈር አያያዝ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ሥጋ ከተውሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ወተትና ዕንቁላል ግን አልተውሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የት ቆሜ እንደምመልስ አንባቢ እንዲያውቀው ነው።

ጥያቄ፦ የዓለምን አየር የሚያሞቀው የላም ግሳት ነው ሲባል እሰማለሁ። ፋብሪካና መኪና እያለ ላም መወቀሷ ተገቢ ነው? (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ነገሩ እውነትነት አለው፤ ወቀሳው ግን በሁሉም ላም ላይ እኩል አያርፍም። የሚያመሰኩ እንስሳት የበሉትን ሣርና ገለባ በሆዳቸው ውስጥ የሚያብላሉላቸው ደቃቅ ተሕዋስያን ሚቴን የተባለ ጋዝ ያመነጫሉ፤ ጋዙም በአብዛኛው በአፍ በኩል በግሳት ይወጣል። በ100 ዓመት ሲለካ ሚቴን ሙቀትን የማፈን ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ነው። በአየር ላይ የሚቆየው ግን ወደ 12 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ ብንቀንሰው ውጤቱን በራሳችን ዕድሜ ልናየው እንችላለን። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምት ከሰው ሥራ ከሚመነጩት ሙቀት አማቂ ጋዞች 14.5 በመቶ የሚሆነው ከእንስሳት እርባታ እንደሚመጣ ገልጾ ነበር፤ በ2023 ባወጣው አዲስ ስሌት ደግሞ 12 በመቶ አድርጎታል። ከዚህ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ድርሻ የከብት ነው።

እነዚህ አኃዞች ግን የመላው ዓለም ድምር ናቸው፤ ለግጦሽና ለመኖ ተብሎ የተመነጠረው ደን፣ መኖ ለማብቀል የተረጨው ማዳበሪያና ማጓጓዣው ሁሉ ተደምሮባቸዋል። የእኛ አገር ላም በቀን በአማካይ ከ2 ሊትር ያነሰ ወተት ስለምትሰጥ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚወጣው ጋዝ ብዙ ነው፤ በቂ መኖ የማታገኝ ላም የበላችውን በአመዛኙ በሕይወት ለመቆየት ብቻ ታውለዋለችና። ስለዚህ ጥቂት ከብት በደንብ መመገብ ብዙ ከብት ከማስራብ ይሻላል። በሌላ በኩል አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት በአማካይ የሚበላው ሥጋ ከ10 ኪሎ በታች ሲሆን የዓለም አማካይ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። “ሥጋ ቀንሱ” የሚለው ምክር የሚመለከተው በሳምንት ሦስት አራት ቀን ሥጋ ቤት የሚቀመጡትን የከተማ ሰዎች ነው፤ ለዓመት በዓል ብቻ ሥጋ የሚያየውን የገጠር ቤተሰብ አይደለም። ከዚህ በታች የምሰጠው መልስ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ጥያቄ፦ በሽሮና በጥብስ መካከል ያለው ልዩነት በእርግጥ ይህን ያህል ሰፊ ነው?

መልስ፦ እጅግ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በ119 አገሮች የሚገኙ 38,700 ያህል እርሻዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት እንዳሳየው፣ ለሥጋ ተብለው ከሚረቡ ከብቶች 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት በአማካይ 50 ኪሎ ግራም የሚያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ጋዝ (ማለትም ሚቴንና ሌሎቹም ጋዞች በማሞቅ ኃይላቸው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው) ይወጣል፤ ይኸው ፕሮቲን ከአተር ሲገኝ ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ለማንም ገበሬ ግልጽ ነው፤ ከብት ከሚበላው ውስጥ ወደ ሥጋ የሚለወጠው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን ቀሪው ለእንቅስቃሴውና ለሰውነቱ ሙቀት ይውላል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ በሥራቸው ላይ ባሉት ዕባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስዱ ብዙ ማዳበሪያ አይፈልጉም። አያቶቻችን ባቄላ በተዘራበት ማሳ ላይ በዓመቱ ስንዴ ወይም ጤፍ ሲዘሩ ይህንኑ በልምድ ዐውቀውት ነበር።

ጥያቄ፦ በጾም ወራት ሥጋም ቅቤም አይገባም። ሳናውቀው አካባቢን እየጠበቅን ነው ማለት ነው? (ከታቦር፣ የአራት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ጾም የሚጾመው ለነፍስ ነውና ዓላማውን ወደ ሌላ ማዞር አልፈልግም። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናትና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጠብቅ ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ እንስሳት ተዋጽኦ ያሳልፋል። በሌላው ዓለም ሥጋ ለመተው የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚያበስል ግራ ሲገባው፣ በእኛ ቤት ግን ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍትና ተልባ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። ይህ ሙያ ትልቅ ሀብት መሆኑን በልበ ሙሉነት መናገር ይገባናል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ እርሱም ዘይቱ ነው። በብዙ ቤት የጾም ወጥ የሚሠራው የሚረጋ ዘይት በምንለው በፓልም ዘይት ነው። ከዓለም የፓልም ዘይት ከአምስት እጁ አራቱን የሚበልጠው የሚመረተው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ሲሆን፣ ለእርሻው ሲባል ሰፊ ደን ተመንጥሯል፤ ካርቦን አምቆ የኖረ ረግረጋማ መሬትም ደርቋል። በፍትሕ ለመናገር የፓልም ዛፍ ከአንድ ሔክታር የሚሰጠው ዘይት ከሌሎች የቅባት ሰብሎች እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን ደን ተጨፍጭፎ የመተከሉ ነው። የኑግና የሱፍ ዘይት ዋጋ ለብዙ ቤት ከባድ መሆኑን ዐውቃለሁና “የሚረጋውን ተዉ” አልልም፤ ለሽንኩርቱ የሚፈሰውን ዘይት በግማሽ መቀነስ ግን ለኪስም፣ ለልብም፣ ለሩቁ ደንም ይበጃል። የአገራችን ኑግ ሲጨመቅ ፋጉሎው ለከብት መኖ እንደሚውልም አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ እኛ ሲዳማዎች ከቆጮ የሚሠራውን ቡርሳሜን ያለ ቅቤ አናውቀውም። ላሟ ከጓሮ ትውጣ ከተባለ እንሰቱስ ምን ይሆናል? (ከሐዌላ ቱላ)

መልስ፦ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሌላ አገር የተጻፈ ምክር በእኛ ጓሮ ላይ እንዳለ ሲጫን የሚፈጠረውን ስሕተት ያሳያል። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ላይ ተመርኩዞ ይኖራል። እንሰት ለዓመታት በቆመበት ቦታ አፈሩን ይሸፍናል፤ ዝናብ ቢዘገይም ስለሚታገሥ በድርቅ ጊዜ ቤተሰብን ያተርፋል። እንደ ተክል ከአካባቢ ጋር የሚስማማ ምግብ ፈልጉ ብባል ከእንሰት አስቀድሜ የምጠራው የለኝም።

ይሁን እንጂ እንሰት የሚቆመው በእበት ነው። እናቶች በየማለዳው ከበረቱ የሚጠርጉትን እበት ወደ እንሰቱ ሥር ይወስዱታል፤ በበጋ ሣር ሲደርቅ ደግሞ የእንሰቱ ቅጠል ለላሟ መኖ ይሆናል። በግጦሽ መጥበብ ምክንያት ከብት በቀነሰባቸው ቦታዎች እንሰቱም እየደከመ እንደሚሄድ በሥራዬ አይቻለሁ። ሌላው ነገር ቆጮ ጉልበት ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ በጣም አነስተኛ መሆኑ ነው፤ በሻፌታ (በሸክላ ዕቃ) የሚቀርበው ቡርሳሜ ከወተት፣ ከጎመንና ከባቄላ ጋር መበላቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ከእንሰት ጓሮ ላሟን ማስወጣት ተክሉንም ገበታውንም ማጉደል ነው። ኮምፖስት ይረዳል፤ ግን የበረቱን እበት ሙሉ በሙሉ ሲተካ አላየሁም። ደን ተመንጥሮ በተዘራ መኖ የደለበ በሬና በእንሰት ቅጠል የምትኖር አንዲት ላም በአንድ ስም “ከብት” ስለተባሉ ብቻ በአንድ ሚዛን መመዘን የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ቦረናዎችስ? ከብታቸውን ትተው እህል ይዝሩ ልንላቸው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዝናብ አጥሮት እህል በማያበቅል ምድር ላይ ሣርን ወደ ምግብ የሚለውጠው ከብቱ፣ ግመሉና ፍየሉ ነው።

ጥያቄ፦ ሥጋ ትቼ የሐይቃችንን ዓሣ ብበላስ? (ከሃይቅ ዳር)

መልስ፦ ከጋዝ አንጻር ዓሣው ከበሬው በጣም ይሻላል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን መውጫ የሌለው፣ ዓመቱን ሙሉ ከሚፈስሱ ወንዞች ጥቁር ውኃ የተባለው ብቻ የሚገባበት ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ከከተማና ከእርሻ የሚታጠበው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሳይራባ በጠባብ መረብ እየተያዘ መሆኑን አሞራ ገደል የሚገበያይ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል። መዳፍ የማትሞላ ዓሣ አትግዙ፤ ገዢ ከሌላት መረቡ ይሰፋል። ዓሣ ሕመም አይሰማውም የሚለው አሮጌ እምነት በአሁኑ ጊዜ በብዙ ማስረጃ እየተሻረ መሆኑንም መጨመር አለብኝ።

ጥያቄ፦ ቀይ ሥጋ ትቼ ወደ ዶሮ ዞሬአለሁ። ትክክል ሠርቻለሁ?

መልስ፦ ለአየሩ አዎን፤ ለእንስሳቱ ሲታሰብ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከአንድ በሬ የሚገኘውን ሥጋ በዶሮ ለመተካት ከ100 በላይ ዶሮዎች መታረድ አለባቸው። በዓለም ላይ በዓመት ከ70 ቢሊዮን በላይ ዶሮዎች የሚታረዱ ሲሆን፣ አብዛኞቹም ፀሐይ ሳያዩ በጥቂት ሳምንታት ዕድሜያቸው የሚያልቁ ናቸው። አካባቢንና ርኅራኄን እንደ አንድ ጉዳይ የሚቆጥሩ ሰዎች እዚህ ላይ ሊያስተውሉ ይገባል፤ አንዱን ስናቀና ሌላውን ልናጣምም እንችላለን። ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ ከበሬ ወደ ዶሮ መዞር ሳይሆን ከሁለቱም ወደ ባቄላና ወደ ምስር መዞር ነው።

ጥያቄ፦ ፈጣሪ እንስሳትን ለምግብ ሰጥቶናል። መብላት እንዴት ነውር ይሆናል?

መልስ፦ ነውር ነው አላልሁም። በዘፍጥረት 1፥29 ለሰው የተሰጠው ምግብ ዘርና ፍሬ ነበር፤ ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ በ9፥3 ነው። ምሳሌ 12፥10 ደግሞ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል። በእስልምናም የሚያርድ ሰው ቢላዋውን እንዲስልና እንስሳውን ከሥቃይ እንዲያሳርፍ ታዝዟል። ሁለቱም እምነቶች ሲፈቅዱ ከነኃላፊነቱ ነው የፈቀዱት።

ያንን ኃላፊነት ረስተነዋል ብዬ አምናለሁ። ከደቡቡ ቆላ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ በአይሱዙ ላይ ውኃ ሳይቀምሱ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየወደቀ የሚመጡትን በሬዎች ሁላችንም እናያቸዋለን፤ የወደቀው እንዲነሣ ጅራቱ ይጠመዘዛል። በበዓል ዋዜማ ደግሞ እግራቸው ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠሉ ዶሮዎች በባጃጅና በአውቶቡስ ሲጓጓዙ ልጆቻችን አብረውን ተቀምጠው ያያሉ። እኔ ሥጋ የተውሁት በስሌት ተረትቼ አይደለም፤ አንድ የፋሲካ ዋዜማ ከመኪና ሲወርድ እግሩ የተሰበረ በሬ ገዢና ሻጭ በዋጋ እስኪስማሙ ድረስ ፀሐይ ላይ ተኝቶ ሲጠብቅ ስላየሁ ነው። ይህን ለማስቀረት ሃይማኖትም ሳይንስም አይከለክለንም።

ጥያቄ፦ ወተት እየጠጡ ሥጋ አልበላም ማለት እርስ በርሱ አይጋጭም?

መልስ፦ ይጋጫል። ላም ካልወለደች አትታለብም፤ ከሚወለዱት ጥጆች ግማሽ ያህሉ ወይፈን ስለሚሆኑ መጨረሻቸው ብዙ ጊዜ ቢላዋ ነው። ወተት የምጠጣ እንደ መሆኔ ከዚያ ደም ንጹሕ ነኝ ማለት አልችልም። ቀንሻለሁ እንጂ አልጨረስሁም።

ጥያቄ፦ የዓመት ከስድስት ወር ልጄን ያለ ሥጋና ያለ ወተት ላሳድግ አስባለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት ዕንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋን የመሰሉ ምግቦችን በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም፤ ጉድለቱም የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል። የእንስሳትን ተዋጽኦ ፈጽሞ የሚተው ዐዋቂም ቢ12ን በኪኒን መውሰድ ይኖርበታል። ብረትን በተመለከተ እንጀራችን መብላላቱ ሰውነታችን ብረቱን እንዲያገኝ ይረዳል፤ ቃሪያ ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ማድረግ፣ ቡናውን ደግሞ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ መጪው በዓል ነው። ቅርጫ እንግባ ወይስ እንተው?

መልስ፦ ለመብላት ከወሰናችሁ ቅርጫ ይሻላል። አንድ በሬ ለብዙ ቤት ይበቃል፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ሲከፋፈል የሚጣል አይኖርም፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚሆን ከየሳምንቱ ቁርጥ ጋር አይነጻጸርም። በሬውን ከሩቅ በመኪና ከመጣው ይልቅ በእግሩ ሊመጣ ከሚችልበት ከቅርብ ገበሬ ግዙት። በሬውን ሊያመጣ የሚሄደው ሰው ቀኑ ሳይሞቅ ይንዳው፤ ሲደርስ ጥላ ሥር አጭር ባልሆነ ገመድ ይታሰር፤ ሌሊቱን ውኃና ድርቆሽ አይጥፋበት። ቢላዋውም ከበሬው ፊት ሳይሆን ዞር ተብሎ ይሳል።