የወር አበባዬ ቀኑን አይጠብቅም፤ መውለድ አልችል ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 25 ነው፤ ጥር ላይ ሠርግ አለብኝ። የወር አበባዬ አንዴ በ26፣ አንዴ በ31፣ አንዴ በ34 ቀን ይመጣል። ጓደኛዬ መክራኝ ከፋርማሲ የእርግዝና መከላከያ ፒልስ ገዝቼ 3 ወር ዋጥኩ፤ በ28 ቀን ልክ መጣ። ሳቆም ግን ተመልሶ ተዛባ። ፒልሱ ማህፀኔን አድርቆት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ቀን ቢሆንም የጨነቀሽ የልጅ ነገር ነው። ከጻፍሽው ውስጥ መውለድ አትችይም የሚያሰኝ አንድም ነገር አላገኘሁም።

ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ሲቆጠር ከ21 እስከ 35 ቀን ጤነኛ ነው። የሚለዋወጠው የፊተኛው አጋማሽ ነው፤ እንቁላሏ አንዱን ወር በ12፣ ሌላውን በ20 ቀን ትወጣለች። ከወጣች በኋላ ፅንስ ካልተፈጠረ ደሙ በ14 ቀን ገደማ ይመጣል። 26ም 34ም የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፒልስ ማህፀን አያደርቅም። ይህ ወሬ ከቡና ቡና ሲዞር ስንት ዘመኑ! ፒልስ የሚሠራው እንቁላል እንዳይወጣ በማድረግ ነው። በብዙዎቹ እሽጎች መጨረሻ ያሉት ቡናማ ፍሬዎች ብረት ብቻ ናቸው፤ ሆርሞን የላቸውም። እነሱን መዋጥ ስትጀምሪ ሆርሞኑ ስለሚቋረጥ ትደሚያለሽ። እንግዲህ ያ በ28 ቀን ልክ የመጣው ደም የእሽጉ እንጂ ያንቺ ዑደት አልነበረም። ያስተካከለው ነገር የለም፤ ያበላሸውም የለም። ባቆሙ በቀጣዩ ወር የሚያረግዙ ሴቶች አሉ፤ የወር አበባሽም በ3 ወር ውስጥ ወደ ለመደው ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ታዪ።

አሁን ግን ልቆጣ ነው። ከመዋጥሽ በፊት የደም ግፊትሽን ማን ለካሽ? ዓይን ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚነሳ ራስ ምታት እንዳለብሽስ ማን ጠየቀሽ? የደም ግፊት ወይም እንዲህ ያለ ማይግሬን ያለባት ሴት ይህን ፒልስ ብትውጥ ለስትሮክ ትጋለጣለች። ጓደኛሽ ይህን ታውቃለች?

ደሙ በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይርሽ ከሆነ፣ ወይም ሳታረግዢ 3 ወር ከቀረ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ከጋብቻ በኋላ ቀርቶብሽ ሆድሽን በአንድ ጎን አጥብቆ ካመመሽ ደግሞ በዚያው ቀን፤ ሌሊትም ቢሆን።

ፋርማሲ መሄድ ካማረሽ ከሠርጉ 1 ወር አስቀድመሽ ፎሊክ አሲድ ግዢ፤ ለሚፀነሰው ልጅ ጤና የሚረዳ ቫይታሚን ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም።