የፋሲካን ምሽት የሚሻገር ውሳኔ

ልጆቼ፣

ሁዳዴን 55 ቀን የመጠጥ ጠብታ ሳይቀምስ ቆይቶ በፋሲካ ምሽት ተደግፎ ቤቱ የሚገባ ወጣት በየሰፈሩ አይጠፋም። ሰው «ወኔ የለውም» ይለዋል። እኔ አይመስለኝም፤ 55 ቀን የቻለ ሰው ወኔ አላነሰውም። ጾም መፍቻ ቀን አለው፤ ልብም ያንን ቀን እየቆጠረ ይጠብቃል። ሰውነት ደግሞ በሁለት ወሩ መጠጡን መቋቋም ረስቷል፤ ድሮ ምንም የማያደርገው አራት መለኪያ አረቄ ያን ዕለት ይጥለዋል።

ስለዚህ ከመማላችሁ በፊት መጠጡ በየት በኩል እንደሚገባባችሁ እወቁ። ለሁለት ሳምንት በትንሽ ደብተር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ኪሳችሁ ስንት ብር ነበረው፣ ከመለኪያው በፊት ምን ስታደርጉ ነበር። ብዙዎቻችሁ የምታገኙት ይህን ነው፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ጫት ተያዘ፣ 11 ሰዓት ላይ ምርቃናው ደረሰ፣ ማታ 1 ሰዓት ዝምታና ድብርት ወረደ፣ ከዚያ ጨብሲ። እዚህ ላይ ቢራው ለደስታ አይጠጣም፤ ምርቃናውን ሰብሮ እንቅልፍ እንዲያመጣ ነው። ጫቱን እየቃመ ቢራውን ብቻ የሚተው ሰው ማታ ከገዛ ነርቩ ጋር ይታገላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሸነፋል። ውሳኔው 8 ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ እንጨት ጫት ሳይቀጠፍ። የደሞዝ ቀን የሚጠጣ ግን ሌላ መላ ይሻል፤ ብሩ ገና እጁ ሳይገባ ለእቁብና ለቤት ይከፈል። አንዱን ንስሐ አባቱ ያጸኑታል፣ ሌላው «ዛሬን ብቻ» እያለ ይውላል። የጓደኛችሁን ስለት አትዋሱ።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም ነው። በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ ተንቀጥቅጦ በመለኪያ የሚረጋ ሰው ብቻውን ድንገት እንዳያቆም። ካቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል፤ እስከ 48 ሰዓት ድረስ ጥሎ ሊያንፈራግጠው ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን የሚመጣው ቅዠት ሊገድል ይችላል። በባዶ ሆድ ጸበል ገብቶ ይህ ሲደርስበት «መንፈሱ ጮኸ» ይባላል። ጸበሉን አልከለክልም፤ ሐኪም ግን ይቅደም። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌላም ቦታ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለውን ሆስፒታል ጠይቁ። ደክሞኛል ብላችሁ ክሊኒክ ግሉኮስ ስታስሰቅሉም መጠጣችሁን ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ጠጪ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል፣ ቢ1 ሳይቀድም ግሉኮስ ብቻውን ከገባ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው ጠላ ነው። «ጠላ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ?» የምትል አክስት የሌለው የለም። ያሰክራል፣ መጠጥ ነው። በሰርግና በጽዋ ማኅበር ባዶ ብርጭቆ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ቀጂ ሳይጠይቅ ይሞላዋል። ብርዝ አስቀዱና ሳትጨርሱ ያዙት። ብርዙ የዕለቱ ይሁን፤ ያደረው ወደ ጠጅነት ይሄዳል። «በሞቴ» ሲመጣ ምክንያት አትደርድሩ፤ ምክንያት ክርክር ይጋብዛል። «ትቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይበቃል።

አንድ ቀን ከተሳታችሁ፣ «አንዴ ፈርሷል» ተብሎ የሚጠጣው ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይብሳል። በዚያው ምሽት ለአንድ ሰው ደውሉ፤ ጠዋት ደብተሩን አውጡና ሰዓቱን ጻፉ። የፋሲካን ምሽት ደግሞ ከስቅለት በፊት ጨርሱት፦ የት እንደምታፈስኩ፣ ስንት ሰዓት ተነሥታችሁ እንደምትወጡ፣ ብርዙን ማን እንደሚበጠብጥ።