ለኪራይ ዕርዳታ ጨረታ ከመቅረባችሁ በፊት

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚገኝ አነስተኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የቤት ኪራይ ያቃታቸውን ወገኖቻችንን ለዓመታት በመዋጮ ስንረዳ ቆይተናል። አሁን የአካባቢያችን መስተዳድር ቤተሰቦች ከቤታቸው እንዳይፈናቀሉ የሚያግዝ ድርጅት ለመምረጥ በፌዴራል ገንዘብ የሚከፈል ጨረታ አውጥቷል። ብንወዳደር ያዋጣናል? ማመልከቻውን የሚያዘጋጅልን ባለሙያም ካሸነፍን ከገንዘቡ 10 በመቶ እንድንከፍለው ጠይቆናል።

መልስ፦ ከጨረታ ሰነዱ በቅድሚያ የአከፋፈሉን አንቀጽ ያንብቡ። እንዲህ ያሉ ውሎች በአብዛኛው ድርጅቱ ከራሱ ካዝና ያወጣውን ገንዘብ መስተዳድሩ በኋላ በማስረጃ የሚተካባቸው ናቸው። በወር ለሦስት ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር ውዝፍ ኪራይ ብትከፍሉና ለአንድ ሠራተኛ 5,000 ዶላር ደመወዝ ብታወጡ፣ ወጪው 11,000 ዶላር ይሆናል፤ ተመላሹ እስኪመጣ ሦስት ወር ቢፈጅ 33,000 ዶላር በባንክ ሊኖራችሁ ይገባል። ገንዘቡ ኢመርጀንሲ ሶሉሽንስ ግራንት ከሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም የመጣ ከሆነ መስተዳድሩ የክፍያ ጥያቄያችሁ ተሟልቶ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ እንዲከፍል ደንቡ ያስገድደዋል፤ ነገር ግን አንዲት ወረቀት ከጎደለች ቀኑ መቆጠር አይጀምርም።

ወረቀቱ ደግሞ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቤዝመንት በቃል ስምምነት የሚከራይ ሰው ብዙ ነው፤ ደንቡ ግን ለኪራይ ድጎማ የጽሑፍ ውል ይጠይቃል። የሚከፈለው ውዝፍ ብቻ ከሆነ ግን፣ የቃል ስምምነቱ በግዛቱ ሕግ የሚጸና ከሆነና አከራዩ ዕዳውን በሒሳብ መዝገብ ወይም በተመነዘሩ ቼኮች ካስረዳ ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። ውዝፉ ከስድስት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ገንዘቡም ለተከራዩ በእጁ አይሰጥም፣ በቀጥታ ለአከራዩ ይከፈላል እንጂ። የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 30 በመቶ በታች መሆኑም በሰነድ ይረጋገጣል። ችግረኛውን በመተዋወቅ ለይቶ ለመርዳት ለለመደ ማኅበር ይህ ሁሉ እንግዳ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጥቅም ግጭት ነው። ከቦርድ አባሎቻችሁ አንዱ ቤት የሚያከራይ ቢሆንና ተከራዩ ለዕርዳታ ቢመጣ፣ የሕዝብ ገንዘብ በእናንተ እጅ አልፎ ኪሱ ይገባል ማለት ነው። ደንቡ ይህን የሚከለክለው በኃላፊነት ላይ ላለው ሰው ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብና የንግድ ትስስር ያላቸውን ይጨምራል፣ ከለቀቀም በኋላ ለአንድ ዓመት ይጸናል። ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበር ውስጥ ይህን አስቀድሞ በጽሑፍ አለማስቀመጥ ጠብ መጋበዝ ነው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ በትውልድ አገር መለየትን ስለሚከለክል፣ አማርኛ መቻላችሁን እንደ ብቃት ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ዕርዳታውን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ለመስጠት ማሰብ ግን አይቻልም።

ስለዚህ በካዝናችሁ የሦስት ወር ወጪ ከሌለ በዚህ ዙር በዋና ተጫራችነት አትቅረቡ። ልምድ ያለው ድርጅት ፈልጋችሁ በሥሩ በንዑስ ተቀባይነት የአማርኛ ተናጋሪዎቹን ክፍል ውሰዱ። ለዚህም ቢሆን ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ዳንስ (DUNS) የተባለውን ቁጥር የተካው ዩኢአይ (UEI) የሚባል የድርጅት መለያ ቁጥር ያስፈልጋችኋል፤ የሚገኘው በፌዴራል መንግሥቱ ሳም (SAM.gov) ድረ ገጽ ላይ ሲሆን በነፃ ነው። እናስመዝግባችሁ ብለው ክፍያ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ሲመጡ ወደ ቅርጫት ጣሏቸው። መስተዳድሩ ለተጫራቾች የሚጠራውን ስብሰባም አትቅሩበት፤ ሊያጣምራችሁ የሚችለውን ድርጅት የምታገኙት እዚያ ነው።

የባለሙያውን የ10 በመቶ ጥያቄ አትቀበሉ። ለቤተሰቦች ኪራይ በተመደበ በጀት ውስጥ እንዲህ ያለ ኮሚሽን የሚገባበት መስመር የለም፤ ከዚያ ወስዳችሁ ብትከፍሉ ኦዲተር ያስመልሳችኋል። ሰውየው ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ የተቆረጠ ዋጋ ይንገራችሁና ከማኅበሩ ገንዘብ፣ ብታሸንፉም ባታሸንፉም፣ ክፈሉት።