አንድ መስመር ቀይሮ ረጅም ቢልድ መጠበቅ፦ ኤልቲኦን ከዕለታዊው ቅንብር ያጥፉት
በአንድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ቀይረው ሳለ ቢልዱ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመቀየሩ ሂደት) ለምን ብዙ ደቂቃ እንደሚወስድ ጠይቀዋል፤ በጠቀሱት የጂሲሲ ኮምፓይለር (GCC) ቅንብር ውስጥ ዋናው ምክንያት ኤልቲኦ (LTO፣ በሊንክ ጊዜ የሚደረግ ማመቻቸት) ሁልጊዜ መብራቱ ነው። ለዕለት ሥራ ያጥፉት፤ የማመቻቸት ደረጃውንም ከኦ3 (-O3፣ ከፍተኛ ማመቻቸት) ወደ ኦጂ (-Og፣ ለስህተት ፍለጋ የሚመች ቀላል ማመቻቸት) ያውርዱት።

ኤልቲኦ ሲበራ ኮምፓይለሩ ከማመቻቸቱ ሥራ ዋናውን ክፍል ወደ ሊንክ ደረጃ (ኮምፓይል የተደረጉት ፋይሎች ወደ አንድ ፕሮግራም ወደሚጣመሩበት) ስለሚያስተላልፈው፣ የተቀየረው ፋይል አንድ ብቻ ቢሆንም እንኳ የፕሮግራሙ ኮድ በአንድነት እንደገና ይመረመራል። ሊሞክሩት ያሰቡት ሲሲካሽ (ccache) የተባለው መሣሪያ የኮምፓይል ውጤትን እንጂ ሊንክን ስለማያስቀምጥ ለዚህ ችግር አይረዳዎትም።

1. ለዕለት ሥራና ለሚለቀቀው ስሪት ሁለት የተለያዩ የቢልድ ፎልደሮች ይኑሩዎት፤ በአንዱ ፎልደር ቅንብሩን እየቀያየሩ ቢሠሩ ፋይሎቹ ሁሉ በየጊዜው እንደ አዲስ ኮምፓይል ይደረጋሉ።

2. የቢልድ መሣሪያው ሜክ (make) ያለ ጄ (-j) አማራጭ የሚሠራው አንድ በአንድ ስለሆነ ጄን ይጨምሩ፤ ወይም በራሱ በትይዩ የሚሠራውን ኒንጃ (Ninja) የተባለ ሌላ የቢልድ መሣሪያ ይጠቀሙ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላሳስብዎት። መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ በኦጂ ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቶ በኦ3 ፕሮግራሙን ሲያበላሽ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ለውጥዎን ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ከማስገባትዎ በፊት ፈተናዎቹን በሚለቀቀው ስሪት ቅንብርም ያስኬዱ።