ስቴትመንት ብቻ አይበቃሽም፣ የእቁቡን ወረቀት ከአሁኑ ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «የዱባይ ሱቄን ሸጬ ድሬ ገብቻለሁ። ግሪክ ቤት ገዝቼ መኖሪያ ፈቃድ ላወጣ ነው። ጠበቃው የገንዘብሽን ምንጭ አስረጂ አለኝ፣ የባንክ ስቴትመንት አይበቃም ወይ?» ብለሻል። አይበቃም። እኔም የከዚራ ልጅ ነኝ፣ 13 ዓመት ዱባይ የመኪና መለዋወጫ ሸጬ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ።

1. ስቴትመንት ገንዘቡ እንዳለሽ ነው የሚያሳየው፣ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የሱቁ ሽያጭ ውል ላይ ያለው ዋጋና ገዢው ሒሳብሽ ውስጥ ያስገባው ብር መግጠም አለበት። የንግድ ፈቃድሽም አብሮ ይቅረብ። ይሄ ቀላሉ ነው፣ ነጋዴ ስለሆንሽ አትቸገሪበትም።

2. እቁብ። አቦ እዚህ ጋ በደንብ ስሚኝ። የኔ ገንዘብ ሁሉም ወረቀት ነበረው፣ ከ95 ሺህ ድርሃም በቀር። 19 ሆነን በየወሩ 5 ሺህ የምንጥለው እቁብ ነበረን። በ2022 መጨረሻ ተራዬ ደረሰና ብሩን በጥሬው ተቀብዬ በአንድ ቀን ባንክ አስገባሁት። የምገዛው ቤት 250 ሺህ ዩሮ ነው፣ ይቺን ማን ያያታል ብዬ።

አዩዋት። አቴንስ ሒሳብ ልከፍት የገባሁበት ባንክ ያለችው ሠራተኛ ያቺን አንድ መስመር በቢጫ ቀለም አስምራባት ጠበቀችኝ። «ማነው የሰጠህ?» ጓደኞቼ። «ለምን?» ተራዬ ስለደረሰ። «ውል አላችሁ?» የለንም፣ እቁብ በመተማመን ነው አልኳት። ወረቀቶቼን በጣቷ ወደኔ ገፋ አድርጋ «ይሄ ማብራሪያ አይደለም» አለችና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ያኔ የተሰማኝ ነገር እስከዛሬ አልወጣልኝም። አንድ ወር እንኳ እቁብ ያላጓደልኩ ሰው እንደ ሌባ ታየሁ።

ያዳነኝ የእቁቡ ዳኛ ነው። እሱ ቀድሞኝ ወደ ድሬ ተመልሶ ሳቢያን ይኖራል። ቤቱ ሄጄ ስነግረው ምንም ሳይል ገባና ሰማያዊ ደብተሩን አወጣ። የየወሩ ስም፣ የተጣለው ብር፣ የተቀባዩ ፊርማ፣ ሁሉም አለ። የኔም ፊርማ አለበት። የደብተሩን ገጾች አባዝተን፣ ደብዳቤ ጽፎልኝ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ፈረመ። ከዚያ አስተርጉሜ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ፣ ቀጥሎ ግሪክ ኤምባሲ። ሁሉንም ራሴ ነኝ የጨረስኩት፣ ለደላላ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም።

ግን አንድ ነገር አመለጠኝ፣ ዋጋ ያስከፈለኝም እሱ ነው። ደብዳቤው «የካቲት 2015» ይላል። ተርጓሚው 2015ን እንዳለ ገለበጠው፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አልቀየረውም። እኔም አላየሁትም። አቴንስ ሲደርስ «እቁቡ የደረሰህ በ2022 ነው፣ ታዲያ ምስክርነቱ ከ7 ዓመት በፊት እንዴት ተጻፈ?» አሉኝ። እንደገና ትርጉም፣ እንደገና አዲስ አበባ፣ እንደገና ወረፋ። በዛን ጊዜ አቴንስ መሃል ፈቃድ የሚያሰጠው ቤት ዝቅተኛ ዋጋ ከ250 ሺህ ወደ 500 ሺህ ዩሮ ሊያድግ ነበር። በድሮው ለመጨረስ እስከ ጁላይ 31 ቀን 2023 ድረስ 10 በመቶ ቀብድ መክፈል ያስፈልግ ነበር። ሒሳቤ ሳይከፈት ቀኑ አለፈ። የመረጥኩት ቤት፣ ባለቤቴ መጋረጃውን ሳይቀር ያሰበችለት ቤት፣ ቀረ።

በመጨረሻ ፓትራስ በ250 ሺህ ገዛሁ። የ5 ዓመቱ ፈቃድ እጄ ላይ ነው፣ ይታደሳል። አሁን ግን ዋጋው እንደኔ ጊዜ አይደለም። ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ አቴንስና ዙሪያዋ፣ ተሰሎንቄም 800 ሺህ ነው፣ አብዛኛው ሌላ ቦታ 400 ሺህ።

ዱባይ ሳለሽ እቁብ ጥለሻል፣ ያልጣለ ሐበሻ አላውቅም። ለዳኛሽ ዛሬውኑ ደውዪ፣ ደብተሩን ሳይጥለው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፊ፣ ትርጉሙንም ከመፈረምሽ በፊት ቁጥር በቁጥር አስተያዪው። የኔን ደብዳቤ ማየት ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ስሞቹን ሸፍኜ እልክልሻለሁ።