ሁለት ስም ያለው ስቴክ ቤት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ የአሜሪካ ስቴክ ቤት ነበሩ፤ ስለ ሩትስ ክሪስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሩትና ክሪስ ባልና ሚስት ናቸው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አይደሉም! ክሪስ ማቱሊች በ1927 ኒው ኦርሊየንስ ውስጥ «ክሪስ ስቴክ ሃውስ»ን የከፈተ ሰው ነው። ወይዘሮ ሩት ፈርቴል ቤቱን የገዙት በ1965 ነው። ከባላቸው ተፋተው ሁለት ወንዶች ልጆች የሚያሳድጉ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። መኖሪያ ቤታቸውን አስይዘው 22 ሺህ ዶላር ተበደሩ።

በ1976 ምግብ ቤቱ ተቃጠለ። ሌላ ቦታ ነበራቸውና ወዲያው ወደዚያ ዞሩ። ችግሩ ውሉ ነበር፤ የድሮውን ስም ከድሮው ቦታ ውጭ መጠቀም ይከለክላል። ምን ያድርጉ? የራሳቸውን ስም ከፊት ሰኩበት። ምላስ ያጠላልፋል፤ እሳቸውም ቢሆኑ ስሙን አይወዱትም ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት ይህን ያህል ተስፋፋ?

መልስ፦ ስሙን ለሌሎች በመስጠት ነው፤ ፍራንቻይዝ የሚባለው። በቃጠሎው ሰሞን አንድ የቤቱ ደንበኛ ባተን ሩዥ ከተማ ላይ ለመክፈት ፈቃድ ጠይቆ አገኘ። ከፋቹ የራሱን ገንዘብ ያወጣል፣ ለስሙና ለአሠራሩ ይከፍላል። በሰው ገንዘብ ቶሎ ያድጋሉ ማለት ነው። ግን አንዱ ቤት ስጋ ካበላሸ የሚታማው የሁሉም ስም ነው። በ2005 አክሲዮኑ ለገበያ ቀረበ፤ በዚያው ወር ካትሪና አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊየንስን መታት፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። በ2023 ኦሊቭ ጋርደን የተባሉት ምግብ ቤቶች ባለቤት የሆነው ዳርደን ኩባንያ በ715 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። ያኔ ከ150 በላይ ቤቶች ነበሩት። ለእኔ ግን ከአክሲዮኑም ከሽያጩም የሚበልጠው የዚያ የባተን ሩዥ ደንበኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ሳህኑ ለምን እንደ ምጣድ ይግላል?

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው። እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቁታል፤ ቅቤው ቸስ እያለ ይቀርባል፣ ስጋውም ቶሎ አይቀዘቅዝም። እጅዎን ብቻ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ «ሬር» (ለጥቂት ጊዜ ብቻ የተጠበሰ) ልዘዝ ወይስ «ዌል ደን» (በደንብ የበሰለ)?

መልስ፦ ቁርጥ በሚጥሚጣ የለመዱ ከሆነ ሬር ምኑ ያስፈራል? ውስጡ ቀይና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዌል ደን ካሉ ግን ጮማው ቀልጦ ያልቃል፤ ለዚያ ደግሞ ያን ሁሉ ዶላር መክፈል ያሳዝናል። ድንቹም ከስጋው ጋር የሚመጣ እንዳይመስልዎ። ለብቻው ይታዘዛል፣ ለብቻው ይከፈላል፤ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።