ከባዛልቱ ሥር አበባ ለምትፈልጉ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ «ጋሼ፣ የመጀመሪያዎቹ አበቦች በእኛ አገር ድንጋይ ውስጥ ይገኙ ይሆን?» ብላ ጻፈችልኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት አስቤ ነበር፤ ግን አንድ ሽማግሌ ሌሊቱን ሙሉ በዓይኔ ላይ ሲሄዱብኝ አደሩ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ። ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ፍለጋ ከአባይ ገባሮች ወደ አንዱ ሸለቆ ወረድን። በደብረ ሊባኖስ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የአገሩን መልክ ያውቀዋል። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ጥቁር ባዛልት፣ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ድንጋይ፣ አለ፤ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ የጭቃ ድንጋዩ፣ ከዚያም በታች ኖራው። የአሸዋ ድንጋዩ በክሪቴሺየስ ዘመን (ከ145 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት) የተከመረ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ያ ደግሞ አባቢ ዕፅዋት፣ ማለትም አበባ የሚያወጡት ተክሎች፣ ምድርን የወረሱበት ዘመን ነው።

መንገድ የመሩን አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ዳቦ ቆሎ ስንቋደስ ወደ ገደሉ ወገብ እያመለከቱ «ከዚያ ላይ ቅጠል የታተመበት ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ እየፈለፈልኩ እጫወትበት ነበር» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ፣ እውነትም በአሸዋ ድንጋዩ መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። የቡድናችንን መሪ ለመንኩት። «የመጣነው ለኖራ ነው» አለኝ። ደመናው ከብዷል፣ መኪናውም አፋፉ ላይ ይጠብቃል። ሽማግሌው ግን አልተዉኝም፤ አቀበቱን ስንወጣ «የምን ዛፍ ቅጠል ይሆን? ዛሬ በአገራችን እንዲህ ያለ የለም እኮ» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። «ሌላ ጊዜ አብረን እናያለን» አልኳቸው። «እኔ የት እሄዳለሁ፣ እዚሁ ነኝ» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ የሚባለው አልመጣም። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር መደበኝ፤ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ልጆች ማሳደጉ፣ በመጨረሻም ጉልበቱ። ያ ቅጠል አበባ የማያወጣው የፈርን ይሁን፣ የጥድ ዘመድ ይሁን፣ ወይስ የሚያብብ ተክል፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የውጭ ተመራማሪዎች ከአሸዋ ድንጋዩ በታች ካለው ከሙገር የጭቃ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርሶች ማግኘታቸውን አሳተሙ። የድንጋዩን ዕድሜ የለኩት በውስጡ በቀረው የዕፅዋት ብናኝ፣ በፖለን፣ ነበር፤ ከክሪቴሺየስ በፊት የነበረው የጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው እንግዲህ የልጅቷ ጥያቄ የሚመለስበት።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1879 ለወዳጁ ለዕፅዋት ተመራማሪው ለሁከር በጻፈው ደብዳቤ፣ አባቢ ዕፅዋት በድንጋይ መዝገብ ውስጥ እንዲያ በድንገት መብዛታቸው የሚያስጨንቅ ምስጢር እንደሆነበት ገልጿል። ዛሬ 135 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ፖለናቸው ይታወቃል። ያን ጊዜ አየሩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለፀገ፣ ምድሪቱም ከዛሬ እጅግ የሞቀች ነበረች፤ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካም ሊላቀቁ ነው። ብዙዎች እንደሚያስቡት አበቦቹ የጀመሩት ጎርፍ በሚያተራምሳቸው የወንዝ ዳርቻዎች፣ ረጃጅም ዛፎች ባልያዙት ቦታ ነው። በኋላ የቅጠላቸው ደም ሥር እየበዛና እየተጠጋጋ ሲሄድ ውኃ በፍጥነት አመላለሱ፣ ፈጥነውም አደጉ።

ዴንማርካዊቷ የጥንት ዕፅዋት ተመራማሪ ኤልሰ ማሪ ፍሪስ በደቡብ ስዊድን ያገኘቻቸው የክሪቴሺየስ አበቦች ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናቸው። ሰደድ እሳት ከሰል ስላደረጋቸው ቅርጻቸው ሳይጨፈለቅ ቀረ። አሸዋውን በውኃ አጥቦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ በማይክሮስኮፕ መልቀም ነው ሥራው። የዛሬ ልጆች ይህን ትዕግሥት የላችሁም ስል ራሴን እሰማለሁ፤ ሁሉን ከስልክ ላይ ትጠብቃላችሁ። ግን እኛ በእናንተ ዕድሜ አለቃ «ተዉት» ካለን እንተወው ነበር፤ እናንተ ለማታውቁት ሽማግሌ ጽፋችሁ ትጠይቃላችሁ። ይህን እወድላችኋለሁ።

ጎንደር አካባቢ ያለው ጭልጋም ትዝ አለኝ። 28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካለው ድንጋይ የዘንባባ ቅጠል ይወጣል፤ የዝሆን ቀደምት ዘመዶች የሚመላለሱበት ደን ነበር። አሁን ያለውን የተራቆተ ኮረብታ አይቶ ማን ያምናል?

ቀስ በሉ እላችኋለሁ፣ መልሼ ደግሞ ለነገ አትበሉ እላለሁ፤ ሁለቱንም ማለቴ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በኅዳር ውረዱ። ቀዩንና ቢጫውን ድንጋይ እለፉት፤ አየር የነካው ፖለን አይተርፍም። ጥቁር ግራጫ፣ ልሙጥ ደለል ፈልጉ፤ ፊቱን ቆፍራችሁ ጣሉና ከውስጥ አየር ያልነካውን ውሰዱ። እያንዳንዱን በንጹሕ ከረጢት ለየብቻ አስራችሁ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ እዚያው ጻፉበት። መንገድ ለሚመራችሁ ሰው ደግሞ ያገኛችሁትን ተመልሳችሁ ንገሩት።